ዓይኑን ማን ከደነለት?

«ዓይኑንማ የከደንኩለት እኔ ነኝ፤ በዚህች እጄ» አለ የራዲዮ ጣቢያው ኃላፊ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ግራው አዛውሮ ቀኝ እጁን እየዘረጋ።

ካውያዋ፣ የሟቹ ሚስት፣ እጁን አየችው። ሥራ የማታውቅ ለስላሳ እጅ፤ ጥፍሯ የተሞረደ፣ ቀለበቷ ሥጋ ውስጥ የሰመጠች። ከእጁ ወደ ፊቱ ተሻገረች፤ ፊቱ ላይ ብዙም አልቆየችም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

«ኧረ ግዴታዬ ነው፣ እትዬ። ታላቅ ወንድሜ ማለት ነበር እኮ።»

«ሻይህ ሳይበርድ ጠጣ።»

በልቧ ግን፣ ይኸ ሰውዬ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ አለች። ትናንት በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው፣ ሽቦ የሚሉት የጣቢያው ቴክኒሻን፣ «እኔ ነኝ የከደንኩለት» ብሎ ተንሰቅስቋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የባሏ እህት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ «ሐኪም ቤት ቀድሜ ደርሼ፣ የወንድሜን ዓይን በገዛ እጄ ከድኜ» እያለች ሙሾ አውርዳለች። አሁን ኃላፊው መጣ። አንድ ሰው ስንት ዓይን ቢኖረው ነው ሦስት ሰው ተራ በተራ የሚከድነው?

ካውያዋ የሚሏት ዕድሜዋን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ስለኖረች ነው። ግማሹ ለዚያ ነው፤ ግማሹ ለምላሷ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። አልቆጠርኩም ስትልም አታፍርም፤ «የቆጠሩትስ የት ደረሱ? ሸሚዛቸውን የሚያመጡት ለኔው ነው» ትላለች። ባሏ ግን የሚተዳደረው በማንበብ ነበር። ጠዋት ጠዋት በራዲዮ የሚቀርብ አንድ ዝግጅት ነበረው፤ በዚያች ቀን፣ ዘመኑ የትኛውም ይሁን አገሩ የትም ይሁን፣ ያረፉ ስመ ጥር ሰዎችን እየጠራ ማን እንደነበሩ የሚተርክበት። ሰዉ በስሙ አይጠራውም፤ ጋሽ ድምፁ ነው የሚለው። ድምፁ የሞቀ ክፍል ይመስላል፤ አንዴ የገባበት ሰው መውጣት አይፈልግም።

የሞተውም እዚያው ነው። የዕለቱን ሙታን አንብቦ ሳይጨርስ፣ ሙዚቃው ሲገባ፣ ማይክራፎኑ ፊት። ሐኪሙ «ልቡ ነው፤ እንደ አምፖል ድርግም ነው ያለው፤ አጠገቡ ብሆን እኔም ምንም አልፈይድም» ብሏታል። ያንንስ ተቀብላለች። ሞት ሲመጣ በር አያንኳኳም። አልዋጥ ያላት ሌላው ነው። ትንፋሹ ስትወጣ አጠገቡ ማን ነበር? ዓይኑን ማን ከደነለት? ሌላ ሰው ቢሆን በሦስቱ ምስክር ተጽናንቶ ይተኛ ነበር። እሷ ግን አትችልም፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የጠየቀችው ራሷ ናት።

በተጋቡ ሰሞን ነው። እሱ የሚያነበውን ቁርስ ላይ እሷ ፊት ይለማመድ ነበር። አንድ ጠዋት ስለ አንድ ሠዓሊ አነበበላት፤ የት እንደተወለደ፣ ምን ምን እንደሣለ፣ ከነማን ጋር እንደተጣላ። «በድህነት ውስጥ አረፈ» ብሎ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ዓይኑን ማን ከደነለት?» አለች ዳቦዋን እያኘከች።

«ምን?»

«ሰውዬው ሞተ አላልክም? ሰው ሲሞት ዓይኑ ፈጦ ይቀራል። ማን ከደነለት ነው የምልህ።»

«እሱማ መጽሐፉ ላይ የለም።»

«ታዲያ መጽሐፉ ምን ሠራ? ሥዕሉንማ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሁሉ ያውቀዋል። የምን ደንቆሮ መጽሐፍ ነው፣ ሰውን ያህል ነገር ዓይኑን እንዳፈጠጠ ትቶት የሚሄድ!»

ሳቀባት። ማታ ሲመጣ ግን ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ተገተረ።

«እህቱ ናት» አለ።

«የማን እህት?»

«የሠዓሊው። መታመሙን ሰምታ ከሩቅ አገር መጥታ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ሳተራምስ ዋልኩ።»

«ተመስገን» አለች። ራሷም ለማታውቀው ሰው ልቧ እንዲህ መርገቡ ገረማት። «በል ኮትህን አውልቅ፤ ጨማደድከው።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማን እንደከደነለት ሳይፈልግ ሟች ይዞ ቁርስ ላይ አይቀርብም። ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ግን «አይታወቅም» ይላል፤ ሲላት ድምፁ ዝቅ ይላል። እሷም ከንፈሯን ትመጥና ጨው ታቀብለዋለች።

እሱ ራዲዮ ላይ ምን እንደሚል ሰምታ አታውቅም። በዚያ ሰዓት ላውንደሪ ቤት የእንፋሎቱ ማሽን ስለሚያጓራ እንኳን ራዲዮ የራስን ሐሳብም አያሰማ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሙታኑም እረፍት ናቸው። ለነገሩ ራዲዮ ማለት ለሷ ሥራ ፈት ጎረቤት ነው። ስለዚህ ያ ጥያቄ የሁለቱ የቁርስ ወግ ብቻ ይመስላት ነበር፣ የለቅሶው ቤት ወንበር እስኪሞላ ድረስ።

ለቅሶ ቤት ሰው የሚበዛው ሟች ስለተወደደ ብቻ አይደለም፤ መቀመጫ ስላለም ነው። በመጀመሪያው ቀን ከመጡት አንዱ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ነበር። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲያበቃ ተነፈሰና፣ «እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ዓይናቸውን ማን እንደከደነላቸው ማን ሊነግረን ነው?» አለ።

ካውያዋ ቀና አለች። «ምን አልክ አንተ?»

«የጋሽ ድምፁን መዝጊያ ነዋ፣ እትዬ። ስለ ሰውየው ሁሉንም ተርኮ ሲያበቃ ጸጥ ይላል። ከዚያ "ዓይኑን የከደነለት ሎሌው ነበር" ይላል። ወይ "ሚስቱ ነበረች" ይላል። እኔ ደብዳቤ ይዤ ስዞር በየመስኮቱ የምሰማው እሱን ነበር። መንገዱ ሁሉ ለዚያች ቃል ጸጥ ይላል። ውሻ እንኳ አይጮህም ብልሽ ማጋነን ይሆንብኛል እንጂ።»

«ማጋነንህ ነው» አለች።

ከወዲያ ማዶ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ጣልቃ ገባች። «እኔ ከአማቴ ጋር ስንት ዘመን አኩርፈን፣ ቤቷን ረግጬው አላውቅም። ታመመች ሲሉኝ "ትታመማ" አልኩ። በማግስቱ ጋሼ ራዲዮ ላይ ስለ አንድ ሳይንቲስት "ዓይኑን ማን እንደከደነለት አይታወቅም" አለ። መርፌዬን ጥዬ ሄድኩ።»

«ታዲያ ታረቃችሁ?»

«ወይ መታረቅ! እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ሰድባኝ ነው የሞተች። ቢሆንም ከደንኩላት።»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ። ካውያዋ አልሳቀችም። «ይኸ እኮ የቁርስ ወጋችን ነው» አለች በቀስታ።

«እኛማ የምታውቂ መስሎን!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ተነሥታ መኝታ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። የሰው ጥያቄ ሰርቆ ለአገር ያድላል እንዴ፣ ያውም ሳያስፈቅድ! ቀጥሎ የመጣው ግን ንዴት አልነበረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ የእንፋሎቱ ማሽን ሲያጓራ በኖረባቸው በእነዚያ ሁሉ ጠዋቶች ከተማው ውስጥ የሷ ጥያቄ በየመስኮቱ ሲገባ እንደኖረ አሰበች። እሷ የሰው ሸሚዝ ክሳድ ስትተኩስ፣ እሱ እሷን ሲናገር።

ኃላፊው ሻዩን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመጣሁበት ሌላም ጉዳይ አለ፣ እትዬ። የዚያን ቀን ዝግጅት እንደሚያውቁት ተቋርጧል። ስለዚህ ነገ ጠዋት እንደገና እናነበዋለን፤ መጨረሻው ላይ እሱን እንጨምርበታለን። ቀኑ የሱም ቀን ሆኗላ። መዝጊያውን አዘጋጅተናል፤ "በሥራ ባልደረቦቹ ተከቦ አረፈ፤ ዓይኑን የከደነለት ኃላፊው ነበር" የሚል።»

«የባልደረባህስ እንባ?»

«የማን?»

«የሽቦ። ትናንት እኔ ነኝ ብሎኝ ሄዷል። እህቱም እኔ ነኝ ትላለች፣ ያቻትልህ። ሦስታችሁ ዕጣ ተጣጣሉና ንገሩኝ።»

የኃላፊው ጆሮ እንደ በርበሬ ቀላ። የባሏ እህት መሐረቧን ፊቷ ላይ ደፋች። ካውያዋ ሽቦን ከውጭ አስጠራችው። በረንዳው ላይ ሲያጨስ ነበርና ጭሱን እየዋጠ ገባ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኪሱ ሁልጊዜ በገመድ የተሞላ ሰው ነው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ አሁን አላለቅስም፣ አልቆጣም። ባሌ ለማያውቀው ሠዓሊ ሲል ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲገለብጥ የዋለ ሰው ነው። ለሱ ውሸት ሊነበብለት አይገባም። እውነቱን ንገረኝ።»

ሽቦ ኃላፊውን አየ። ከዚያ ጫማውን አየ።

«እትዬ፣ የኛ ሥራ ሕግ አለው። በሩ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ማንም አይገባም፤ ንጉሥም ቢሆን። በመስታወት ወዲህ እኔ ነኝ፣ ወዲያ እሱ ነው። ሙዚቃውን ከፈትኩለትና ቀጣዩን ላዘጋጅ ለጥቂት ደቂቃ ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ አንገቱን ደፍቷል። የሚያነብ መሰለኝ። ሙዚቃው አለቀ፤ ጸጥ አለ። ከንግግሩ በፊት ዝም ማለት ልማዱ ነው፤ ስለዚህ ጠበቅሁት። እጄን አወዛወዝኩለት። መብራቱ ቀይ ነው። ከዚያ ነው የገባሁት።»

«ገባህና ከደንክለት።»

«ስገባ ተከድኖ ነበር።»

የባሏ እህት መሐረቧን ከፊቷ አነሣች።

«በራሱ ነው የከደነው አልልም» አለ ሽቦ። «ሁለቱም ሽፋሽፍቶቹ እኩል ነበሩ። የሰው እጅ የነካው ይመስላል። አንገቱም ሥር መሐረቡ ተጣጥፎ ገብቷል፣ ጠረጴዛው እንዳይቆረቁረው። ማንም አልነበረም እኮ፣ እትዬ! እኔ ዋሽቼሻለሁ፤ ማንም አልነበረም ማለት አቅቶኝ ነው።»

«እኔም እንደዚሁ ነው» አለ ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ድምፅ አውጥቶ። የባሏ እህት አለቀሰች። ይህችኛዋ እውነተኛ ለቅሶ ነበረች።

ካውያዋ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አልተኛችም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ፀሐይዋ መጋረጃው ውስጥ እንደ ሻይ ስትቀላ፣ ዓይኑ በሁለት ዓለም መካከል ይንሳፈፋል። ለቀስተኛው እያንሾካሾከ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ እየተጋጨ፣ እሷ ጥጓ ላይ ሆና የባሏን የሞት ቀን ጓደኞች ታያቸው ጀመር።

እሱ ነበር ያስለመዳት። «በአንድ ቀን የሞቱ ሰዎች ዘመናቸው ቢራራቅም የሚገቡት በአንድ በር ነው» ይላት ነበር። «በሩ የሚከፈተው በዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ይጠባበቃሉ።»

«ወረፋ ነዋ! እንደ ላውንደሪው።»

«ልክ እንደ ላውንደሪው።»

«ከማልወደው ሰው ጋር ብሰለፍስ?»

«ቀኑን የመረጠ የለም፣ አንቺ ካውያ። ግን አንቺ ያለሽበት ወረፋ ላይ ማን ደፍሮ ይጋፋል?»

በሞተበት ዕለት ጠዋት ያነበበላትን አልረሳችም። በልጅነቷ የነገሠች ንግሥት ነበረች፤ ዓይኗን ማን እንደከደነላት አይታወቅም። «ንግሥት ሆና? ያ ሁሉ አገልጋይ እያለ?» ብትለው «ብዙ ሰው ባለበት ነው የማይታወቀው» አላት። ከተማ ያቃጠለ ጄኔራል ነበረ፤ የከደነለት የማረከው ባላንጣው ነው። «እሱንስ ባይከድንለት ኖሮ!» ብላ ነበር። ከክፍሉ ወጥቶ የማያውቅ ካርታ ሠሪም ነበረ፤ የከደነችለት ቤት አከራዩ ናት። ደወል ሲያቀልጥ ኖሮ የደነቆረ ሽማግሌም ነበረ፤ ለሱ የልጅ ልጁ።

አሁን ሁሉም እዚህ ናቸው። ንግሥቲቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ እግሯ ወለሉን አይነካም። ካርታ ሠሪው የግድግዳውን ስንጥቅ እንደ ወንዝ በጣቱ ይከተላል። ደወል ሠሪው ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ ነው፤ ስታወራ ከንፈሯን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ልብስ ሰፊዋ ይህን ያህል የሚያዳምጣት ሰው አግኝታ አታውቅም፣ ግን አታየውም። ጄኔራሉ በር ላይ ቆሟል። ማንም ተቀመጥ አላለውም፤ ካውያዋም አትለውም።

«የኔ ጌታ» አለች ለካርታ ሠሪው በልቧ፣ «ባሌን አይተኸዋል?»

«በሩ ጋ ነው» አላት። «አልገባም ብሎ ቆሟል። የሚያነበው ነገር ጎድሎታል።»

«ምን ጎደለው?»

ካርታ ሠሪው ግን ወንዙ የት እንደሚያበቃ ጠፍቶት ተጨንቋል።

ከነዚህ ሁሉ ያስቸገረቻት ግን አንዲት ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን መጥታለች፣ ትናንትም መጥታለች፣ ዛሬም አለች። ማንም አያናግራትም፣ እሷም ማንንም አታናግርም። ከበሩ ኋላ ባለችው አጭር ወንበር ላይ አመድማ ካፖርት ለብሳ ትቀመጣለች፤ እጆቿ ውኃ የጠጡ፣ ያበጡ ናቸው። ካውያዋ ከንባቡ ውስጥ ብትፈልጋት አጣቻት። ንግሥቲቱ አይደለችም። የካርታ ሠሪው አከራይ ትሆን? አከራይዋስ በሌላ ቀን ነው የሞተችው መሰለኝ፤ በሌላ ሰው ወረፋ ምን ትሠራለች? ምናልባት ማንም ያልጻፈላት፣ በዚያች ቀን የሞተች አንዲት ምስኪን ትሆናለች። ሙታን እንኳ ታዋቂና ተራ ተብለው ሲቀመጡ ታያት፤ ተናደደች። ብርጭቆ ቀድታ ይዛላት ሄደች።

«ጠጪ። ስምሽ ሳይጠራ ስለቀረ ሻይ አይቀርብሽም።»

ሴትዮዋ ደንግጣ ተነሣች። «ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ!»

«እናንተ ትጠጣላችሁ አይደል?»

«እኛ ማን?»

«የሞታችሁት።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔ አልሞትኩም፣ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «የራዲዮ ጣቢያው ጽዳት ነኝ።»

ካውያዋ ክንዷን ጨበጠቻት። ሙቅ ነው። አጥንት አለው። ንግሥቲቱ ወደ ነበረችበት ዞር ብትል መጋረጃው ብቻ ይወዛወዛል። ሳቅ ሊያመልጣት ሆነ፤ ምን ሊሉኝ ነው ብላ ዋጠችው። ሴትዮዋን ጎትታ ወጥ ቤት አስገባቻትና በሩን ገጠመችው።

«ለምንድነው ሁልጊዜ ከበር ኋላ የምትቀመጪው?»

«ልሂድ፣ እትዬ።»

«ተናገሪ!»

የጽዳቷ ሴት ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈችው። እንባዋ ቀደማት፤ ቃሉ ኋላ መጣ።

«ኮሪደሩን ስወለውል በበሩ መስታወት አየሁት። አቀማመጡ የሱ አልነበረም። ጋሼ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። "ሸሚዜ ከተጨማደደ ካውያዋ ትገድለኛለች" ይል ነበር። ያን ቀን ጎብጦ ነበር።»

ካውያዋ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ተደገፈች።

«መብራቱ ቀይ ነበር። አውቃለሁ። ገባሁ። ትንፋሽ የለውም፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። ልጮህ ብል ማይክራፎኑ አለ፤ ጩኸቴ በየሰው ቤት ሊገባ ነው። ዋጥኩት። እስካሁን እዚህ አለ» አለች ጉሮሮዋን እየነካች። «ከዚያ ያቺ መዝጊያው ትዝ አለችኝ። "አይታወቅም" ሊባልለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለሱ! እጄ ውኃ ነክቶት ቀዝቅዞ ነበር። እንዳይበርደው ብዬ ተነፈስኩበት፤ ሞቅ ሲል ከደንኩለት። መሐረቡን ከኪሱ አውጥቼ ከአንገቱ ሥር አደረግሁለትና ወጣሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ!»

«በቀይ መብራት አንዴ ገብቼ ባልዲዬ ተንኳኩቶብኝ ያውቃል። በሌላ ጊዜ ከገባሽ ሥራሽ ያን ቀን አበቃ ብለውኛል። ያኔስ ጋሼ ነው ያዳነኝ። ስለ መርከበኛ እያነበበ ነበር፤ ባልዲው ሲንኳኳ "ይህ የሰማችሁት የመርከቧ ደወል ነው" ብሎ ቀጠለ። ለአለቆቹም ሆን ብዬ ነው ያስደረግሁት አላቸው። አሁን ማን አለኝ? ሦስት ልጅ ነው ያለኝ፣ እትዬ።»

«ኃላፊው እዚሁ ነው። ጠርቼ ልክ ልኩን ብነግረው...»

«ዛሬ ይቆጡልኛል። ነገ እርስዎ ወደ ላውንደሪዎ ይሄዳሉ፤ እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ነኝ።»

 ካውያዋ አፏ ድረስ የመጣውን ስድብ ማን ላይ እንደምታወርደው ጠፍቷት መልሳ ዋጠችው። ወደ ሳሎን ስትመለስ ኃላፊው ኮቱን ለብሶ ቆሟል።

«እንግዲህ ነገ ምን እንበል፣ እትዬ?»

አንድ ቃል ብትናገር አገር ሁሉ ይሰማ ነበር። ባሌ ብቻውን አልሞተም፣ የተነፈሰችበት ሞቅ ያለ እጅ ነው የከደነለት፣ ብትል። ካልተናገረች ደግሞ ያ ሁሉ ሰው፣ ፖስተኛውም ልብስ ሰፊዋም ላውንደሪ ቤት ያሉትም፣ ሚስቱ አልነበረችም፣ ማንም አልነበረም ብለው ከንፈር ሊመጡላት ነው። እሷ ደግሞ ከንፈር ከሚመጡላት ጥርሷን ቢነቅሏት ትመርጣለች። ኩራቷን እንደ ሸሚዝ ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«አይታወቅም በሉ» አለች።

«አይታወቅም? ለጋሽ ድምፁ? ብቻውን ሞተ ሊባል ነው እኮ!»

«ይባል።»

«ሕዝቡ ምን ይለናል?»

«ለንግሥትም ተብሏል። እሱ ከንግሥት ይበልጣል? በል ሂድ፤ እንደነገርኩህ ይነበብ። ቃል ብትጨምር ሰምቼ ጣቢያህ ድረስ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ራዲዮውን ከጎረቤት አምጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ካውያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ቀርታ ልትሰማ ተቀመጠች። የጽዳቷ ሴት እንደልማዷ ከበሩ ኋላ ልትሸጎጥ ስትል ጠራቻት፤ የባሏን እህት «ጠጋ በይልኝ» ብላ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ሰዉ ተያየ፤ ማናት የሚል ሹክሹክታ አለፈ።

ያነበበው ሽቦ ነው። ዕድሜውን ከመስታወቱ ወዲህ የኖረ ሰው፣ ያን ጠዋት ወዲያ ተሻግሮ ድምፁ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ጄኔራሉን ጠራ። ካርታ ሠሪውን ጠራ። ደወል ሠሪውን፣ ከዚያ ልጅቷን ንግሥት። ከእያንዳንዱ በኋላ ጸጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ካውያዋ የገዛ ጥያቄዋን ስትሰማው የሌላ ሴት ድምፅ መሰላት፤ የወጣት ሴት፣ አፏ ውስጥ ዳቦ ያለ።

«በዚያችው ቀን» አለ ሽቦ፣ «ሙታንን በየማለዳው እየጠራ ከኛ ጋር ቁርስ ያስቀመጣቸው ሰው፣ በሥራው ገበታ ላይ አረፈ።»

ጸጥ አለ። ውጭ መንገዱ ላይ የሚሄድ የእግር ኮቴ ቆመ።

«ዓይኑን ማን እንደከደነለት አይታወቅም።»

ሳሎኑ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ «ወይኔ ጋሼ!» አለች። ፖስተኛው ቆቡን ጨመደደው፤ የባሏ እህት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁሉም ካውያዋን ላለማየት ሲሉ ወለሉን አዩ።

እሷ ማንንም አላየችም። በጽዳቷ ሴት ጉልበት ላይ የተጋደመውን፣ ውኃ የጠጣውን ቀኝ እጅ አነሣች። ወደ አፏ አስጠግታ በቀስታ ተነፈሰችበት። ከዚያ ዓይኖቿን ጨፈነች፤ መዳፉንም በላያቸው ላይ አሳረፈችው።